ያልተቆጠረችው ቀይ ኳስ

ጥቅምት ፯ ቀን

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ለመምህርቷ፤

ብዕሩን የያዘው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። አርባ ዓመት መርፌ ስለያዘ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሐሳቡ ግን ስለሚጠማዘዝ ከራሱ አንድ ቃል እንዳይጨምር አስጠንቅቄዋለሁ። ቀልድ ካገኘሽ የእሱ ነው፤ ቁም ነገሩ የእኔ።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ፈጣሪ የቆምሽበትን መሬት ያጽናልሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ ተነበበልኝ። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሃያ ሰባቱን ዓመት ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ፤ እናትሽ የነገረችሽ እውነት ነው። ጥያቄሽንም ሰምቻለሁ። ስለ ክሪስታል ስታስተምሪ መጽሐፉ "ሃያ ስድስት የሸክላ ኳሶች በሳጥን ውስጥ ደርድሩና የጨውን ቅርጽ ሥሩ" ይላል፤ ስትደረድሪው ግን የላይኛዋ መካከለኛ ኳስ ትሰምጣለች፤ ልጆቹም ሳቁብሽ። "ጋሼ፣ የማላውቀው ዘዴ ይኖር ይሆን?" አልሽ።

እዚህ ላይ ሲደርስ እኔም ሳቅሁ። ልብስ ሰፊው "ምን ሆንክ?" አለኝ። "አንተ አንብብ" አልኩት።

ስለ ኳሶቹ ዛሬ አልነግርሽም። መጀመሪያ የመጽሐፉን ልባስ ተመልከቺና ማን እንደጻፈው ንገሪኝ። የማውቅ ይመስለኛል፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ልጆቹን ሥራ አታስፈቻቸው። ደቃቁን ሳይሆን ትልልቁን ጨው ግዢ። ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ ፍሬ ጨው፣ አንድ መዶሻና አንድ ጨርቅ ስጪ። በጨርቁ ጠቅልለው ቀስ ብለው ይምቱት። ስባሪውን በጣታቸው ይዳብሱት፤ ከዚያ በማጉያ መነጽር ይዩት። ትልቁ ሳጥን ነው። ስባሪው ሳጥን ነው። የስባሪውም ስባሪ ሳጥን ነው። "ለምን?" እስኪሉሽ ድረስ አፍሽን ዝጊ። ሳይጠይቅ መልስ የተሰጠው ልጅ መልሱን በር ላይ ጥሎት ይወጣል፤ ከኋላቸው ስለምጠርግ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ቀን ጨው በሙቅ ውኃ አሟሚ፤ ውኃው አልቀበልም እስኪል ጨምሪበት። አጥልይው፤ ክር አንጠልጥይበትና አሥር ቀን ማንም አይንካው። የነካካው የተዝረከረከ ነገር ያገኛል። የታገሠ ጥርት ያለ ሳጥን ያገኛል። መታገሥን እኔ አውቃለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር ፲፪ ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናዎ እንደምን አለ? ጉልበትዎስ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ለልብስ ሰፊውም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ቀልዶቹን ሁሉ ለይቻቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ክፍሌን ቢያዩት። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቶቹ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ የሚያዩ ክፍል ነው፤ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ሲቆጥሩ ይውላሉ። የዚያን ዕለት ግን አንድም ልጅ ወደ መስኮት አላየም። አንዷ ጣቷን በመዶሻ መታችው፤ ጣቷን እየጠባች "መምህርት፣ ዱቄቱም ሳጥን ነው" አለችኝ። እንዳሉኝ ዝም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም አልኩ። ከዚያ የኋላው ወንበር ላይ የሚተኛው ልጅ ቀና ብሎ "ለምን ግን ክብ አይሆንም?" አለ። እውነቱን ለመናገር ከመምህርነቴ ሁሉ ያን ቀን ወደድኩት።

የመጽሐፉን ልባስ አየሁ። ስሙን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ነጩ ጋዋን ነዋ" አለች። እርስዎ ጋ መምህር ነበሩ አሉ። ዛሬ የብዙ አገር መምህራንን በሚያሠለጥን መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸው እዚህ በሰው አገርም ተተርጉሞ በየትምህርት ቤቱ አለ። የሚገርመው ደግሞ በመጋቢት ወደ እኛ ትምህርት ቤት መጥተው በእኔ ክፍል የጨውን ትምህርት ራሳቸው ያሳያሉ፤ የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራንም ይመለከታሉ።

አብራችሁ ስለሠራችሁ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ሰላምታዎን ላድርስልዎ?

የራሴን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። የኳሶቹን ነገር እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ


ኅዳር ፳፱ ቀን

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፤

ዛሬም ልብስ ሰፊው ነው የሚጽፈው። ፊደሉ ከተንቀጠቀጠ የእኔን ፊት እያየ ስለሆነ ነው። ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለተማሪዎችሽ፣ ጣቷን ለመታችውም ልጅ። ለነጩ ጋዋን ሰላምታ የለኝም። ካደረስሽለት ከዘር አልቆጥርሽም።

ጋዋኑ ነጭ የሆነው ስለሚያጥበው እንዳይመስልሽ። ምንም ስለማይነካ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ብልቃጥ አላጠበም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያም ሆኖ ዕቃ ቤቴ ውስጥ መቶ ሰባ ብልቃጥ ነበር፤ አንዱን ከሌላው አምታትቼ አላውቅም። በቀለሙ፣ በክብደቱ፣ ሲያነቃንቁት በሚሰጠው ድምፅ እለየው ነበር።

ያን የጨው ክሪስታል የሠራሁት እኔ ነኝ። የዕቃ ቤቴ ግድግዳ ከመማሪያው ክፍል ጋር አንድ ነበር፤ ትምህርቱን ሁሉ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። "ጨው ሁለት ዓይነት ቅንጣት አለው፤ ትልቁ በትንሹ ይከበባል፣ ትንሹ በትልቁ ይከበባል" ይላሉ። መምህሩ ይናገራል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ማንም አያየውም። እኔ ግን በእጄ ልየው አልኩና ሸክላ አቦካሁ። ትልልቆቹን ነጭ፣ ትንንሾቹን ቀይ ቀባሁ። እንዳይንከባለሉ ከላይና ከታች በአውራ ጣቴ ጠፍጠፍ አደረግኋቸው። ሦስት በሦስት፣ ሦስት ፎቅ። ነጭ ከነጭ ጎን ስታስቀምጪ አይገጥምም፤ ራሱ ሸክላው ይነግርሻል። ዕቃ ሊመልሱ የሚመጡ ልጆች ያፈርሱታል፣ መልሰው ይሠሩታል። በዚያ ዓመት ፈተና ላይ ጨውን የሳተ ልጅ አልነበረም።

ነጩ ጋዋን ይህን አየ። "ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ አጣብቀህ ስጠኝ" አለ። በኮላ አጣብቄ ሰጠሁት። በጉብኝቱ ቀን ዓይኑን በጨው አጥቦ "እኔ የፈጠርኩት ዘዴ ነው" አላቸው። ወንበር ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩ። ዞር ብሎ አየኝና ለእንግዶቹ "ዕቃ ጠባቂያችን ነው፤ የብልቃጥ ስም ማንበብ አይችልም፤ ጨውና ስኳር የሚለየው ቀምሶ ነው" አላቸው። ሳቁ። አንዱ እስኪያስለው ሳቀ። በሳምንቱ በእንግዶች ፊት ሥነ ሥርዓት አጉድለሃል ተባልኩና ከዕቃ ቤት ተነሥቼ ግቢ ጠራጊ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ አራት ዓመት በእሱ መስኮት ሥር ቅጠል ጠረግሁ።

መጽሐፉን ሲጽፍ በዚያ መስኮት አየሁት። የእኔን ጨው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በብዕሩ ጫፍ ከውጭ ከውጭ እየነካ ቆጠረው። "ሃያ ስድስት" አለና ጻፈ። አንድ ቀን እንኳ በእጁ ደርድሮት ቢያውቅ፣ በስድስት ነጮች መካከል ከውጭ የማትታይ አንዲት ቀይ እንዳለች ባወቀ ነበር። ሃያ ሰባት ነው ልጄ። መስኮቱን አንኳኩቼ ልነግረው እጄን አነሣሁ። ያ እንግዳ ሲስል ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። እጄን መለስኩና መጥረጊያዬን ያዝኩ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።

ልብስ ሰፊው ብዕሩን አቁሞ "ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ልጆች ተሳስተው ሲማሩ ዝም አልክ?" ይለኛል። ይህንንም ጻፈው ብየዋለሁ። አዎ፣ ዝም አልኩ።

ሥራዬ እስከ ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት መግቢያ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ካርድ ላይ የተጻፈው የእሱ ስም ነው አሉኝ።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ገንዘብ አይደለም፤ መድኃኒትም ጫማም አይደለም። በመጋቢት ያ ሁሉ መምህር በተሰበሰበበት ተነሺና "መሐሉ ላይ ምን አለ?" ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ ፊቱ ምን እንደመሰለ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እሱን ከሰማሁ በኋላ ልሙት አልልም። ደኅና አድርጌ እበላለሁ።

አጎትሽ


ጥር ፳፪ ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የተደረገብዎትን ሳነብ አለቀስኩ። የጠየቁኝን ግን ማድረግ አልችልም። ባለፈው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ያልኩት ይህን ነበር። የሥራ ውሌ በመጋቢት መጨረሻ ያበቃል። ይታደስ ወይም አይታደስ ብሎ ሐሳብ የሚሰጠው የገምጋሚው ቡድን ነው፤ የቡድኑ መሪ ደግሞ ራሳቸው ነጩ ጋዋን ናቸው። ውሌ ከታደሰ ልጄን ማምጣት ይፈቀድልኛል። እናቴ ዘንድ ትቻት ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በስልክ ስታናግረኝ አንቱ ማለት ጀምራለች።

ለተማሪዎቼ በጸጥታ አንዳንድ ቀይ ኳስ ጨምሬላቸዋለሁ። አሁን አይሰምጥም። ይህ ቢያንስ እንዲያስደስትዎት ብዬ ነው።

ይቅር ይበሉኝ።


ጥር ፴ ቀን

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፤

ልብስ ሰፊው "ነገ እንጻፈው፤ ዛሬ ደምህ ፈልቷል" ብሎኝ ነበር። ሲበርድ ምን እጽፋለሁ? ያዝ ብዕሩን አልኩት።

እንዲያስደስትዎት ብዬ ትያለሽ። ምኑ ነው የሚያስደስተኝ? በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ሲደረድረው ይሰምጥበታል፤ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ስለሆነ አፉን ይዞ አንዲት ኳስ ከኪሱ ጣል ያደርጋል። እሱ ያጎድላል፣ እናንተ ትሞላላችሁ፤ ስሙ እንዳማረበት ይኖራል። አንቺም ከእነሱ አንዷ ሆንሽ። የአክስቴ ዘር እንዲህ አልነበረም። አክስቴ ከሹም ጋር በአደባባይ የተሟገተች ሴት ነበረች፤ ያውም ተረታ፤ ያውም ሳትጸጸት።

ቂሜ አርጅቶ ይሞታል ብለሽ ተስፋ አድርገሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እኔ ነኝ የማረጀው፤ እሱ ገና ጎረምሳ ነው።

ደግሞ ስሚ። አትጠይቂው። አንዲት ቃል አትናገሪ። ማንም አንቺን የሚከስበት ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ። በዚያ ቀን ለየጠረጴዛው መጽሐፉ ያዘዘውን ብቻ ስጪ፤ ሃያ ስድስት፣ አሥራ አራት ነጭና አሥራ ሁለት ቀይ። እንዳትጨምሪ። ሌላ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ፤ ኮላውን ጠረጴዛ ላይ አታውጪ። ኮላ ካገኘ አጣብቆት ይወጣል። ኮላ ከሌለ ግን ልጆቹ ጣታቸው የለመደውን ያጣሉ። የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል። ይህም ከከበደሽ አትጻፊልኝ።

አጎትሽ

(ከዚህ በታች ያለው የእኔ የልብስ ሰፊው ነው፤ እሱ ጉልበቱን ሊያሽ ወደ ጓዳ ገብቷል። መጀመሪያ ሲያስጽፈኝ "ተነሥታ በግልጽ ትጠይቀው" ነበር ያለው። የልጅሽን ነገር ደግሜ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ያን ቅደደው፤ ኮላውን ጻፍ" አለኝ።)


መጋቢት ፳፩ ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ተቀምጠው ይስሙ። ልብስ ሰፊውም ቀስ ብለው ያንብቡልዎ።

ነጩ ጋዋን ሰኞ ጠዋት መጡ። ጋዋናቸውን ከቦርሳ አውጥተው ለበሱ፤ የካውያ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀም ነበር። ከኋላ ሠላሳ ያህል መምህራን፣ ከፊት ርዕሰ መምህርታችን ተቀምጣለች፤ ጥብቅ ሴት ናት፣ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አዘጋጅቼ ነበር። በየጠረጴዛው ሃያ ስድስት። እሳቸው ከመጽሐፋቸው እያነበቡ ልጆቹ መደርደር ጀመሩ። እኔ በግድግዳው ተለጥፌ ቆምኩ።

በመጀመሪያ ሦስተኛው ጠረጴዛ "መምህርት፣ አንድ ቀይ ጎድሎናል" አለ። ቀጥሎ ሰባተኛው "እኛም።" ከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ። ሁለት ጠረጴዛ መሐሉን ባዶ ትተው ቀጠሉ፤ የላይኛዋ ነጭ ጠብ ብላ ሰመጠች። እሳቸው ፈገግ ብለው "ኮላው የታለ?" አሉኝ። "ረሳሁት" አልኩ። ጋሼ፣ በሕይወቴ ያን ያህል ቀላል ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

"ችግር የለም" አሉ፤ "መሐሉ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ተጣብቆ ብታዩት ይቆማል።"

ጣቷን የመታችው ልጅ እጇን አወጣች። "ጨው ውስጡ ባዶ ነው ማለት ነው?"

ትንሽ አሰቡ። ያን ጊዜ ስሕተት ነው ቢሉ ኖሮ ሁሉም ያበቃ ነበር። "አዎ፣ በመካከሉ ባዶ ነው" አሉ።

"እኛ ግን በመዶሻ ስንት ጊዜ ሰባብረነዋል" አለች፤ "አንድም ባዶ አላገኘንም።"

ከኋላው ወንበር ያ እንቅልፋሙ ልጅ "ምናልባት ባዶውን ቀድመው ወስደውት ይሆናል" አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ መምህራኑም ሳቁ። ርዕሰ መምህርታችን ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ሦስት ጊዜ። "ሃያ ሰባት" አለች።

ፊታቸውን ጻፊልኝ ብለውኛል። መጀመሪያ ጆሮአቸው ቀላ፤ ከዚያ አንገታቸው። ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መለሱት፣ እንደገና አወጡት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "ይህ የእኔ ስሕተት አይደለም። የመጀመሪያውን ሞዴል እኔ አልሠራሁትም። ፊደል የማያውቅ አንድ ዕቃ ጠባቂ ነው የሠራው፤ መሐሉን ባዶ ትቶ አጣብቆ ሰጠኝ፤ አምኜው ተሳሳትኩ።"

ርዕሰ መምህርታችን "ይህ በቃለ ጉባኤ ይግባ?" አለቻቸው። እሳቸው የዳኑ መስሏቸው "ይግባልኝ" አሉ። ተጻፈ። ፈረሙ። ግልባጩ ከዚህ ጋር ነው።

አሁን ክፉውን ልንገርዎ። በማግሥቱ ሆን ብላ ኮላ ደብቃ አዋርዳኛለች ብለው ከሰሱኝ። ውሌ አልታደሰም፣ አልተሰረዘምም፤ ታግዷል። ርዕሰ መምህርታችን "የመጀመሪያው ሞዴል ይታይ። መሐሉ ባዶ ከሆነ ጥፋቱ የሠሪው ነው፤ መምህሯም ትጠየቃለች። ኳስ ካለበት ግን ሰውየው የጻፉትን ነገር አንድም ቀን አላዩትም ማለት ነው፤ ክሱም ይወድቃል" ብላ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ ሰጠችኝ።

ጋሼ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ እርግጠኛ ነዎት? ያቺ ቀይ እዚያ ውስጥ አለች? ለማየት ማፍረስ ነው። በእጅዎ ከሠሩት የቀረ ሌላ ነገር እንደሌለ እናቴ ነግራኛለች። ስለዚህ ያፍርሱት ብዬ አልጠይቅዎትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰውየው አርጅተዋል። ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአፍታ አሳዘኑኝ።

አክባሪዎ


ሚያዝያ ፲፬ ቀን

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፤

ይህንንም የሚጽፈው ያው ልብስ ሰፊው ነው፤ ዛሬ አፍንጫውን እየጠረገ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ካየሽ ከእኔ አይደለም። ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለዚያች ልጅ ትልቅ ሰላምታ አለኝ። ለእንቅልፋሙም፤ ከአሁን በኋላ ቢተኛ አትቀስቅሽው፤ ድርሻውን ሠርቷል።

አርጅቷል አልሽኝ። እኔስ? እሱ ያረጀው ወንበር ላይ ነው። እጁ ተንቀጠቀጠ አልሽኝ። ሲሰርቅ አልተንቀጠቀጠም። አዘኔታሽን ለልጅሽ አስቀምጪው።

እርግጠኛ ነዎት ወይ ብለሽ መጠየቅሽን ይቅር ብየሻለሁ።

ማክሰኞ ልብስ ሰፊው የሠርግ ኮቱን አዋሰኝ፤ ትከሻው ሰፋኝ፤ "እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ስሕተቱ የአንተ ትከሻ ነው" አለኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ዘበኛው አላወቀኝም። ርዕሰ መምህሩም አዲስ ነው፤ አላወቀኝም። ቃለ ጉባኤውን ሰጠሁት። አንዴ አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አነበበ። "ዕቃ ጠባቂው እርስዎ ነዎት?" አለ። "ነኝ" አልኩ። ከወንበሩ ተነሣ። በዚያ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ለእኔ ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ለመቀመጥ አስቸገረኝ።

እኔ የፈለግሁት ምስክር ነበር። አራት መምህራንና አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ተጠሩ። የመስታወት ሳጥኑ ቁልፍ ስለጠፋ ማጠፊያው ተፈታ። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አየሁት። ነጮቹ ቢጫ ሆነዋል። ቀዮቹ በፀሐይ ነጥተው የጡብ አቧራ መስለዋል። አንዲት ተማሪ እንድትቆጥር ነገርኳት። እየዞረች ቆጠረች። "ሃያ ስድስት" አለች። "እንደ ትልቁ ሰውዬ አንቺም ተሳሳትሽ" አልኳት፤ ሳቀች። "ወረቀት ላይ ጻፉት" አልኳቸው።

ርዕሰ መምህሩ "አባት፣ ሌላ መንገድ የለም? በሆስፒታል ራጅ እናስነሣው" አለ። ልብስ ሰፊው ክንዴን ይዞ "ርዕሰ መምህሩ ያለው ይደረግ" ይለኛል። እዚያ ያለው የእኔ አልነበረም። ሥሩ ላይ የነጩ ጋዋን ስም ነው ያለው። ከተሰበረ ነው የእኔ የሚሆነው። መሮና መዶሻ ስጡኝ አልኩ።

ኮላው ጠንካራ ነበር። ያጣበቅሁት እኔ ስለሆንኩ ኮራሁበት። የላይኛውን ፎቅ በአራት ምት ለየሁት። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እዚያው መሐል ላይ፣ በስድስት ነጮች ተከባ ተቀምጣ ነበር። ጠቅላላው ሥራዬ ሲደበዝዝ እሷ ፀሐይ አላየችም፤ ቀለሟ ትናንት የተቀባ ይመስላል። አንድ መምህር "ኋላ የገባች ልትሆን አትችልም" አለ። ያንንም አስጻፍኩት። አምስት ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዚህ ጋር ነው። ለርዕሰ መምህርታችሁ ስጪያት፤ ውልሽን ታድስ፤ ልጅሽን አምጪ፤ አንቺ ማለትንም መልሰሽ አስተምሪያት።

ቀሪውንም በመሮው ለያይቼ ሃያ ስድስቱን ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ደረደሩ፣ አፈረሱ፣ ደረደሩ። አንዱ "ጎደለ" አለ። "እንዲጎድል ተወው፤ ሌላ ሥራ፤ ሸክላ እዚያ ግቢ ውስጥ ሞልቷል" አልኩት። ወጥተው አቦኩ። ደወል ተደውሎ አልሰሙም። ጋዋን የለበሰ አልነበረም፤ ሁሉም እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበሩ።

ካርዱ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ "ይህን ምን ላድርገው?" አለኝ። "በፖስታ ላክለት፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ የእሱ የነበረው ያ ብቻ ነው" አልኩት። ትናንት ተልኳል። ፖስታውን ሲከፍት አላየውም፤ የእሱን ፊት ግን ከመጋቢቱ ደብዳቤሽ ቀድቼ አስባለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልብስ ሰፊው "አሁንስ በቃህ?" ይለኛል። አልበቃኝም። በቃኝ ብዬ ብዋሽ አንቺም አታምኚኝ።

ቀይዋን በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ለርዕሰ መምህርታችሁ አሳዪያት፤ ለተማሪዎችሽ አሳዪያቸው፤ ይዳብሷት። ለእሱም አሳዪው። በእጁ ግን አትስጪው። ከፈለጋት፣ ያ ሁሉ መምህር ተሰብስቦ ባለበት፣ ተነሥቶ ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ፣ የማን ሥራ እንደሆነች ተናግሮ ይለምንሽ። ያን ጊዜም አትስጪው።

አጎትሽ

በል ልብስ ሰፊው፣ አፍንጫህን ጥረግና ከላይ ጀምረህ መልሰህ አንብብልኝ። "ያን ጊዜም" የሚለው ላይ ስትደርስ ቀስ በል፤ እሷን ቃል ሁለቴ አንብባት።